ሁለቱ እጆቼ አብረው እምቢ አሉኝ፦ ስለ ኮሌጅ የግሩፕ ፒያኖ ክላስ

ጥያቄሽን አየሁት፣ ሌሎችም እንዲከታተሉ ባጭሩ ልድገመው። ኮሌጅ የገባሽው ድምፅ ልታጠኚ ነው፣ ፒያኖ ግን ግዴታ ስለሆነ 14 ልጆች ያሉበት ግሩፕ ክላስ ውስጥ ገብተሻል፣ ሁላችሁም ሄድፎን አድርጋችሁ ዲጂታል ፒያኖ ላይ ነው የምትማሩት። ቀኝ እጅሽ ለብቻው ይሄዳል፣ ግራሽም ለብቻው ይሄዳል፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁሉም ነገር ይፈርሳል። አጠገብሽ ያለው ልጅ ደሞ እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል። መጨረሻ ላይ ስኬል (ከዶ እስከ ዶ እንደሚባለው በተርታ የሚሄዱ ድምፆች)፣ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)፣ ለሜሎዲ ኮርድ ማግባት እና አይተሽው የማታውቂውን ኖታ ማንበብ ትፈተኛለሽ፣ የቀረሽ 8 ሳምንት ነው፣ "እጄ ለፒያኖ አልተፈጠረም መሰለኝ፣ ልተወው ወይ? ፔዳልስ መች ነው የምጀምረው?" ነው ያልሽው።

አትተዪው። ይሄን ክላስ ብዙ አመት አስተምሬዋለሁ፣ አንቺ የጻፍሽውን ነገር በየሴሚስተሩ መሀል አካባቢ ከአንዱ ካልሰማሁ ነው የሚገርመኝ። እጅሽ ምንም አልሆነም። ችግሩ ሁለቱን እጆችሽን እንደ ሁለት ሰው ለየብቻ አሰልጥነሽ ከዛ በመጨረሻው ሰአት "በሉ አሁን ተጋቡ" ማለትሽ ነው።

ስለ ልጁ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ወይ በልጅነቱ ተምሯል ወይ ኪቦርድ ሲነካካ ነው ያደገው፣ ከሱ ጋር ራስሽን ማወዳደር ቋንቋውን ቤቱ ሲናገር ካደገ ሰው ጋር እንደመፎካከር ነው። ደሞ እንዲህ አይነቶቹ ልጆች ብዙ ጊዜ በጆሮ ይጫወቱና ኖታ ንባብ ላይ ሲደርሱ ይንገዳገዳሉ፣ አይቻለሁ። ከታች እሱን እንዴት እንደምትጠቀሚበት እነግርሻለሁ።

ሌላ ደሞ ይሄ ክላስ ፒያኒስት ሊያደርግሽ አይደለም የተከፈተው። ዘፋኝ ነሽ፣ የምትፈልጊው ነገር መነሻ ድምፅሽን ፒያኖው ላይ አግኝተሽ፣ ድምፅሽን ስታሟሙቂ ኮርድ መትተሽ፣ አንድ ዜማ ከፍ ካለብሽ ዝቅ አድርገሽ፣ የኳየር ኖታ ሲሰጥሽ የራስሽንና የጎረቤትሽን ድምፅ አብረሽ አውጥተሽ ማየት ነው። ፈተናው ስኬል፣ ኮርድ፣ ንባብ የሆነው ለዛ ነው። አንድ ከባድ ቁራጭ በቃል ይዞ ገብቶ ኮርድ ሲጠየቅ የሚደርቅ ተማሪ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ እዚህ በዶ ሬ ሚ ነው የምጽፈው። በእንግሊዝኛው ፊደል "ሲ" የሚባለው ዶ ነው፣ በዶ ሬ ሚው "ሲ" የሚባለው ደሞ እነሱ ቢ የሚሉት ነው፣ እና በኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለቱም "ሲ" ስለሆኑ ስንቱ ተማሪ ሳምንት ሙሉ የማይሆን ስኬል ተለማምዶ መጥቷል መሰለሽ።

እሺ ወደ ዋናው። ቀኝሽን በ100 ቴምፖ (በደቂቃ 100 ምት) ትጫወቻለሽ፣ ግራሽንም በ100፣ ከዛ አብረሽ በ100 ስትሞክሪ ይፈርስና "አልቻልኩም" ትያለሽ። ግን አብሮ መጫወት የሁለቱ ድምር አይደለም፣ ለአእምሮሽ ሌላ አዲስ እንቅስቃሴ ነው፣ አዲስ ነገር ደሞ ከ100 አይጀመርም። እጅ ለየብቻ የሚለማመዱት ኖታውንና የጣት ቁጥሩን (አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5) ለማወቅ ብቻ ነው፣ 3 ወይ 4 ጊዜ ተጫውተሽ ካወቅሽው በቃ፣ ወዲያው አብሪያቸው፣ ግን በ50፣ ካስፈለገም በ40። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥርልሽን መሳሪያ) ማፈር የለም።

አሁን አንድ ባር (ኖታው ላይ በሁለት ቋሚ መስመር መሀል ያለውን) እንውሰድና በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። 4 ምት ነው። ግራ እጅ በየምቱ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል ይመታል፣ ትንሿ ጣትና አውራ ጣት፣ ሌላ ምንም የለውም። ቀኝ እጅ ሚ ላይ አንድ ተኩል ምት ይቆያል፣ ቀጥሎ ፋ ግማሽ ምት፣ ከዛ ሶል 2 ምት። በአፍሽ "አንድና ሁለትና ሶስትና አራትና" እያልሽ ቁጠሪ። አሁን "ቀኙ ምን ያደርጋል፣ ግራው ምን ያደርጋል" የሚለውን እርሺውና በእያንዳንዷ ቦታ ላይ ማን እንደሚመታ ብቻ ጠይቂ። አንድ ላይ ሁለቱም ናቸው። ሁለት ላይ ግራ ብቻ። ከሁለት በኋላ ያለችው "ና" ላይ ቀኝ ብቻ። ሶስት ላይ ሁለቱም። አራት ላይ ግራ ብቻ። ማለትም ባሩ በሙሉ "አብሮ፣ ግራ ቀኝ፣ አብሮ፣ ግራ" ነው። ያቺ ነገር አንድ ሪትም ናት፣ አንድ ሰው የሚመታት አንድ ከበሮ ማለት ናት!

ይሄን መጀመሪያ ዝም ብለሽ በአፍሽ በዪው፣ "አብሮ፣ ግራ ቀኝ፣ አብሮ፣ ግራ"። ከዛ ሁለት እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ እያልሽ ምቺው። ጉልበትሽ ላይ ካልመጣ ፒያኖ ላይ ሊመጣ አይችልም፣ ስለዚህ እዛው ቆዪ፣ አውቶብስ ውስጥም ቢሆን ይሰራል ማንም አያይሽም። ጉልበትሽ ላይ ያለ ሃሳብ ሲሄድልሽ ብቻ ወደ ቁልፉ ሂጂ። አንድ ተማሪ ነበረችኝ እንዳንቺ ዘፋኝ፣ ሶስት ሳምንት አንድ መስመር ላይ ተጣብቃ ስታለቅስ ሄድፎኑን አውልቄ ወንበሯን አዙሬ ፒያኖውን እንዳታይ አድርጌ ጉልበቷ ላይ አስመታኋት፣ 10 ደቂቃ አይሞላም፣ ተመልሳ ስትጫወተው ራሷ ደነገጠች። ጣቷ እኮ ሁሉንም ያውቅ ነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ነበር ያልተነገረው።

ደሞ ስትለማመጂ ባሩ መጨረሻ ላይ አታቁሚ። ሁሌም የሚቀጥለው ባር የመጀመሪያ ኖታ ላይ ግቢና እዛ አቁሚ። ባሩ መስመር ጋ እያቆመ የተለማመደ እጅ ሲጫወትም እዛው ያቆማል፣ አንዴ ከያዘ ደሞ አይለቅም። ብዙዎቻችሁ "በየባሩ እደናቀፋለሁ" የምትሉት ራሳችሁ ያስተማራችሁትን ማቆም ነው።

ስኬል ላይ ስንመጣ፣ መምህራችሁ ሁለት እጅ ወደ አንድ አቅጣጫ አስጀምሯችሁ ከሆነ ለጊዜው አንቺ በተቃራኒ ጀምሪ። ሁለቱንም አውራ ጣት መሀለኛው ዶ ላይ አድርጊ (አንዱን ቁልፍ ይጋሩ፣ ምንም አይደል)፣ ቀኙ ወደ ቀኝ ግራው ወደ ግራ ይሂድ። ቀኝ 1 2 3 1 2 3 4 5፣ ግራም 1 2 3 1 2 3 4 5፣ እንደ መስታወት ነው፣ አንድ አይነት ጣት አንድ ጊዜ ላይ ስለሚሰራ አእምሮሽ አይጨናነቅም። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው የሚያስቸግረው፣ ቀኝ 1 2 3 1 2 3 4 5 ሲሄድ ግራ 5 4 3 2 1 3 2 1 ነው፣ የቀኙ አውራ ጣት ፋ ላይ በስር ያልፋል፣ የግራው 3ኛ ጣት ደሞ ላ ላይ በላይ ይሻገራል፣ ጊዜያቸው አይገጥምም። መያዣው ምን መሰለሽ፣ ሚ እና ላ ላይ የሁለቱም እጅ 3ኛ ጣት ይገናኛል። ሁለቱን ቦታ ብቻ ጠብቂ፣ "ሶስት ከሶስት ተገናኘ" ካልሽ መንገድ ላይ ነሽ፣ ካልተገናኘ ተሳስተሻል ማለት ነው፣ ቁሚና ተመለሽ። ደስ የሚለው ነገር የሶል፣ የሬ፣ የላ እና የሚ ሜጀር (ከነዚህ ኖታዎች የሚነሱት ስኬሎች) የጣት ቁጥርም ያው የዶው ነው፣ ጥቁር ቁልፎቹ ናቸው የሚጨምሩት፣ ስለዚህ አንዱን በትክክል ከያዝሽ አምስቱን ይዘሻል። ፋ ሜጀር ላይ ቀኝ እጅ 1 2 3 4 1 2 3 4 ይሆናል፣ ምክንያቱም 4ኛው ኖታ ሲ ፍላት (ከሲ በስተግራ ያለው) ጥቁር ነው፣ አውራ ጣት ጥቁር ላይ ማረፍ አይመቸውም።

ዶ ሜጀር ነጭ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ለማንበብ እውነት ነው፣ ለእጅ ግን አይደለም፣ ሁሉም ቁልፍ አንድ አይነት ስለሆነ ጣት የሚዳብሰው ምልክት የለም። ፒያኒስቱና የሙዚቃ ደራሲው ሾፐን ተማሪዎቹን በሲ ሜጀር ነበር የሚያስጀምራቸው፣ 5 ጥቁር ያለው! ዶን ወደ መጨረሻ ነበር የሚያመጣው። ቀኝ እጅሽን ሚ፣ ፋ ሻርፕ (ከፋ በስተቀኝ ያለው ጥቁር)፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ ላይ አድርጊና እዪው፣ ረጃጅሞቹ ሶስት ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ ሁለቱ ነጮቹ ላይ ይቀመጣሉ፣ እጅሽ ራሱ "እፎይ" ይላል። አውራ ጣት ደሞ በስር ማለፉ ካስቸገረሽ ብቻሽን አይደለሽም፣ የሙዚቃ ደራሲው የባህ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1753 ባወጣው የኪቦርድ መጽሐፉ ላይ እንደጻፈው አባቱ በወጣትነቱ የሰማቸው ትልልቅ ሰዎች አውራ ጣታቸውን ሰፊ ቦታ ለመድረስ ካልሆነ አይጠቀሙበትም ነበር አሉ። ጣቷ ስራ የገባችው ዘግይታ ነው።

ኮርድ። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሰራው ስህተት እያንዳንዱን ኮርድ እንደ አዲስ ቦታ እየፈለጉ መዝለል ነው። አትዝለዪ። ግራ እጅሽን ዶ ሚ ሶል ላይ አድርጊ፣ 5 3 1። ወደ አራተኛው ኮርድ (ከዶ 4ኛው ኖታ ፋ ላይ የተሰራው) ስትሄጂ ዶ አይነቃነቅም፣ ሚ ወደ ፋ፣ ሶል ወደ ላ ብቻ ነው የሚገፋው፣ ጣቱ 5 2 1። ተመለሽ። አሁን ወደ አምስተኛው (ሶል ላይ የተሰራው)፣ ሶል አይነቃነቅም፣ ትንሿ ጣት ከዶ ወደ ጎረቤቱ ሲ ትወርዳለች፣ መሀሉ ፋ ይሆናል፣ ሲ ፋ ሶል፣ 5 2 1። አየሽ? ሌባ ጣትሽ ሁለቱም ላይ ፋ ነው የምትነካው። እጁ ከቦታው አልተነሳም። አይንሽን ጨፍነሽ 10 ጊዜ አድርጊው፣ ጨፍነሽ ካልቻልሽ ገና አላወቅሽውም። ከዛ መላውን ነገር ወደ ሶል አንሺው፣ ሶል ሲ ሬ፣ ሶል ዶ ሚ፣ ፋ ሻርፕ ዶ ሬ፣ እንቅስቃሴው ቁርጥ ያው ነው፣ ትንሿ ጣት ጥቁር ላይ ማረፏ ብቻ ነው ልዩነቱ። ይሄን በሶስት አራት ኪ (ከተለያየ መነሻ ኖታ) ከያዝሽ ዘፈን ዝቅ ከፍ ማድረግ የሚባለው ነገር ግማሹ አልቋል።

ለሜሎዲ ኮርድ ማግባት ደሞ ከዚሁ ይወጣል። ዶ ላይ ከሆንሽ ጠንካራው ምት ላይ ያለውን ኖታ እዪ፣ ዶ ሚ ሶል ከሆነ አንደኛው ኮርድ፣ ፋ ላ ከሆነ አራተኛው፣ ሬ ሲ ከሆነ አምስተኛው። ፋ ብቻዋን ከመጣች ሁለቱም ጋ ትገባለች፣ ጎረቤቷን አይተሽ ወስኚ፣ አጠገቧ ላ ካለ አራተኛው፣ ሬ ካለ አምስተኛው። ሶልም እንደዛው አንደኛውም አምስተኛውም ጋ አለች። መጨረሻው አንደኛው ነው፣ ከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው። አንቺ ዘፋኝ ስለሆንሽ እዚህ ላይ ከሁሉም ትበልጫለሽ፣ እየዘፈንሽ ኮርዱን ሞክሪ፣ ጆሮሽ የማይሆነውን ወዲያው ይነግርሻል።

ንባብ። ከኖታው በላይ ዶ ሬ ሚ እያልሽ በእርሳስ ትጽፊያለሽ አይደል? አልተናገርሽም ግን አውቃለሁ :) አጥፊው። አይንሽ ፊደሉን ነው የሚያነበው፣ ኖታውን አያይም፣ አንድ አመት ቢሆንሽም አታነቢም። በምትኩ ሶስት ቦታ ብቻ በቃል ያዢ። ትሬብል ክሌፍ (የላይኛዎቹ መስመሮች መጀመሪያ ላይ ያለችው ምልክት) የምትጠቀለልበት ከታች 2ኛው መስመር ሶል ነው። የቤዝ ክሌፍ (የታችኛዎቹ መስመሮች ምልክት) ሁለት ነጥቦች የሚያቅፉት ከታች 4ኛው መስመር ፋ ነው። መሀለኛው ዶ ሁለቱ መሀል በራሱ ትንሽ መስመር ላይ ነው። ከዛ ሌላውን በርቀት አንብቢ፣ ከመስመር ወደ ቀጥሎ ያለው ክፍተት ከሄደ ጎረቤት ቁልፍ ነው፣ ከመስመር ወደ ቀጥሎ ያለው መስመር ከሆነ አንድ ዘለሽ ነው። ስም ሳትጠሪ "ወደ ላይ ጎረቤት፣ ወደ ላይ ዝለል፣ ያው" እያልሽ መጫወት ትችያለሽ። ቁልፎቹ ላይ ደሞ 88 ናቸው ብለሽ አትፍሪ፣ ጥቁሮቹ ሁለት ሁለትና ሶስት ሶስት ሆነው ነው የተሰለፉት፣ ከሁለቱ በስተግራ ያለው ነጭ ሁሌም ዶ ነው፣ ከሶስቱ በስተግራ ያለው ሁሌም ፋ፣ በጣትሽ ዳብሰሽ ታገኚዋለሽ፣ እጅሽን ማየት አያስፈልግሽም።

ፈተናው ላይ ያላየሽው ኖታ ሲሰጥሽ ከመጀመርሽ በፊት ኪውን፣ ምቱን፣ ሁለቱ እጆች የሚጀምሩበትን ቦታ እዪና ከባዱን ባር ፈልጊ፣ በዛ ባር በሚያስችልሽ ቴምፖ ጀምሪ። አንድ ባር በባዶ ቁጠሪ። ከጀመርሽ በኋላ ቤቱ ቢቃጠልም አታቁሚ። የተሳሳተ ኖታ አንድ ስህተት ነው፣ ተመልሰሽ ስታስተካክይው ግን ምቱም ይጠፋል፣ ባሩም ይጠፋል፣ ሶስት ስህተት ሆነ ማለት ነው። እኔ ስፈትን ግራ እጁን ለሁለት ባር የጣለ ግን ምቱን ያልለቀቀ ተማሪ፣ ኖታው ሁሉ ትክክል ሆኖ በየቦታው ከሚቆም ተማሪ ይበልጥብኛል። የናንተ ፈታኝ እንዴት እንደሚያርም ግን ቀድመሽ ጠይቂው፣ ሁሉም አንድ አይደለም።

ሄድፎኑ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩው ሌላው ሲረብሽሽ አትሰሚም፣ መጥፎው አንቺም የማንንም ምት ስለማትሰሚ በራስሽ ሰአት ትንሳፈፊያለሽ። መምህራችሁ ከራሱ ጠረጴዛ ሆኖ የፈለገውን ተማሪ የሚሰማበት ማዞሪያ አለው፣ "እኔን አሁን ስማኝ" ብሎ እጅ ማውጣት መብትሽ ነው፣ እኔ ጋ እጅ የሚያወጡት ሁሌ የሚችሉት ነበሩ፣ ያናድደኝ ነበር። ብዙ ቦታ ደሞ ሁለት ተማሪ እርስ በርስ እንዲሰማማ ማገናኘት ይቻላል። እዚህ ጋ ነው ጎረቤትሽ የሚመጣው፣ እሱ ግራውን አንቺ ቀኙን ተጫወቱ፣ ከዛ ቀይሩ፣ ከዛ አንቺ ሁለቱንም። አንድ ሰው የማይቆም ምት ሲሰጥሽ ያለማቆም ልማድ ይመጣል። እሱም ከአንቺ ንባብ ይማራል፣ የእርሳሱን ፊደል ካጠፋሽ ማለቴ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቅዳሜ ሶስት ሰአት ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ 25 ደቂቃ ይሻላል፣ እጅ የተማረውን ስትተኚ ነው የሚያደላድለው። 5 ደቂቃ ስኬል፣ 5 ኮርድ፣ 5 አዲስ ነገር ማንበብ (ያነበብሽውን አትድገሚው፣ ከደገምሽው ንባብ መሆኑ ቀርቷል)፣ የቀረውን እምቢ ባለሽ ባር ላይ፣ ቁራጩን ከላይ እስከ ታች እየደጋገሙ መሮጥ ልምምድ አይደለም። ስትቀመጪ ወንበሩ ጫፍ አካባቢ፣ ክርንሽ ከቁልፉ ጋ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ትከሻ ወርዶ። ካመመሽ አቁሚ፣ "ይለምደዋል" አይባልም። ቤት ያለሽ ቁልፉ ቀላል የሆነ ኪቦርድ ከሆነ ለኖታና ለሪትም በቂ ነው፣ ግን በሳምንት አንዴ እውነተኛ ፒያኖ ፈልጊ። እኔ ተማሪ እያለሁ ሴሚስተር ሙሉ ላስቲክ በመሰለ ኪቦርድ ተለማምጄ ፈተና ላይ ትልቅ ፒያኖ ጋ ሲያስቀምጡኝ የግራ እጄ ግማሹ ድምፅ አልወጣም፣ ፈታኙ ፒያኖው የተበላሸ መስሎት ተነስቶ አየው።

ፔዳሉን ለጊዜው እርሺው፣ በተለይ ስኬል ላይ። ኮርዶቹን ያለሱ ሳይቆራረጡ ማገናኘት ስትችይ ያኔ ቀኙን ፔዳል ብቻ ጀምሪ፣ እግርሽ ከእጅሽ ጋ እኩል አይወርድም፣ አዲሱ ኮርድ ሲመታ ይነሳል፣ ወዲያው ከኋላው ይወርዳል።